ሊስ ሃርቴል፦ በክራንች ወደ ፈረሷ የምትሄደው ሻምፒዮን

«ታላላቅ ሰዎችን እንወቅ» የተባለው ዓምዳችን ዛሬም መጥቷል። ባለፈው እትም አንድ የ8ኛ ክፍል ወንድማችን ስለ አበበ ቢቂላ ጽፎልን ነበር። አሁን ተራው የእኔ ነው። ስለ አፄ ምኒልክ ልጻፍ ብዬ አሰብኩ፤ እሳቸውን ግን ሁላችንም በትምህርት እናውቃቸዋለን። ስለ ደራርቱ ልጻፍ ስል ደሞ የዓምዱ ሕግ ትዝ አለኝ፤ እዚህ የሚጻፈው በሕይወት ስለሌለ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። በመጨረሻ ከክፍላችን ማንም ስሟን ሰምቶ የማያውቃትን፣ በአገሯና በዓለም ፈረሰኞች ዘንድ ግን በጣም የታወቀችውን ሴት መረጥኩ።

ስሟ ሊስ ሃርቴል ይባላል። ፈረሰኛ ነበረች። ከጉልበቷ በታች እግሮቿ አይታዘዙላትም። እንዲያም ሆና በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ያውም ምንም ጉዳት ከሌለባቸው ሰዎች ጋር፣ ያውም ከወንዶች ጋር ተወዳድራ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር። ታሪኳን ሳነብ ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ገባኝ፤ ለእናንተም እንዲገባችሁ አድርጌ ልንገራችሁ።

ማሳሰቢያ፦ እዚህ የጻፍኳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመለወጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ።

ልጅነቷና ወጣትነቷ

ሊስ የተወለደችው መጋቢት 14 ቀን 1921 በዴንማርክ አገር ነው። ዴንማርክ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት፤ የኅብረተሰብ መምህራችን ካርታ ላይ ብትፈልጓት ከጀርመን በላይ ታገኟታላችሁ። የተወለደችበት ሄለሩፕ የሚባለው ቦታ ለዋና ከተማው ለኮፐንሃገን ቅርብ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ፈረስ ትወድ ነበር። አድጋ ፊን ሃርቴል የሚባል ሰው አገባች፤ ሃርቴል የሚለው ስም የመጣው ከባሏ ነው። እንደኛ አገር የአባት ስም አይደለም።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረበት ነው። ዴንማርክ ከ1940 ጀምሮ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ ሊስ ልምምዷን አላቆመችም። በ1943 እና በ1944 የዴንማርክ ሻምፒዮን ሆነች። የምትወዳደረው ድሬሳዥ በሚባለው የፈረስ ስፖርት ነው።

ድሬሳዥ ምንድን ነው?

ፈረስ ውድድር ሲባል ሁላችንም የሚመጣብን ሩጫ ነው፣ ወይም ጉግስ። ድሬሳዥ ግን ሩጫ አይደለም። ማንም ማንንም አይቀድምም። ፈረሰኛው ብቻውን ወደ ሜዳ ይገባል። ሜዳው ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር ነው። ከዚያ ፈረሱ በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በግልቢያ እየተቀያየረ ይሄዳል፤ ክብ ይሠራል፣ ወደ ጎን ይራመዳል፣ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኞች እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አይተው ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣሉ። እንደ ፈተና ማለት ነው።

ዋናው ነገር ደሞ ይሄ ነው፤ ፈረሰኛው በድምፅ ማዘዝ አይፈቀድለትም። ሂድ፣ ቁም፣ ዙር ብሎ መናገር የለም። ፈረሱ የሚታዘዘው በልጓሙ፣ በሰውየው አቀማመጥና በእግሩ ነው። በግራ እግሩ ትንሽ ጫን ካለው አንድ ነገር ማለት ነው፣ በቀኝ ከሆነ ሌላ ነገር። ተመልካቹ ግን ትእዛዙን እንዳያየው ያስፈልጋል። ፈረሱ በራሱ ፈቃድ የሚጨፍር መምሰል አለበት። እንግዲህ እግር ለዚህ ስፖርት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ልብ በሉ። ምክንያቱም ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለዚሁ ነው።

በሽታው

በመስከረም 1944 ሊስ 23 ዓመቷ ነበር። አንድ ልጅ አላት፣ ሁለተኛውን አርግዛለች። በዚያ ወር በድንገት ታመመች። የያዛት ፖሊዮ ነው። በአማርኛ የልጅነት ልምሻ ይባላል፣ ግን እንደምታዩት ትልቅ ሰውንም ይይዛል። ፖሊዮ በዓይን በማይታይ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ባልታጠበ እጅ በአፍ በኩል ይገባል። ብዙዎቹን ምንም ሳያደርጋቸው ያልፋል። ጥቂቶቹን ግን ጡንቻ የሚያዘውን ነርቭ ይጎዳባቸዋል። ጡንቻው አለ፣ አዛዡ ግን የለም።

ያኔ ክትባት አልነበረም። የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት ይሠራል ተብሎ ለዓለም የተነገረው በ1955 ነው፤ ሊስ ከታመመች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። እኛ እድለኞች ነን። ሐዋሳ ውስጥ ጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለትንንሽ ልጆች ጠብታ ሲሰጡና ጣታቸውን በቀለም ምልክት ሲያደርጉባቸው አይታችኋል። ያ ጠብታ የሚከላከለው ይሄንኑ በሽታ ነው። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ባለሙያዎቹ ሲመጡ እንዳትደብቁት!

ሊስ እጆቿም እግሮቿም አልታዘዝ አሏት። አልጋ ላይ ቀረች። ደግነቱ በሆዷ ያለው ልጅ ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ ትልቁ ተስፋ በክራንች መራመድ እንደሆነ አሰቡ። ስለ ፈረስማ ማን ያነሳል?

እንደገና ከሀ መጀመር

ሊስ ግን መጋለብ እንደምትፈልግ አልደበቀችም። መጀመሪያ ክንዷን ማንሳት ተለማመደች። ከዚያ እንደ ሕፃን መዳህ። ከዚያ በሁለት ክራንች መቆም። ስምንት ወር ገደማ ፈጅቶባት በክራንች መሄድ ቻለች። ጭኗና ክንዷ ቀስ በቀስ የተወሰነ ኃይል አገኙ። ከጉልበቷ በታች ያለው ግን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልተመለሰም።

ወደ ፈረስ ስትመለስ መውጣትም መውረድም ብቻዋን አትችልም። ሰዎች ደግፈው ያወጧታል፣ ደግፈው ያወርዷታል። ኮርቻው ላይ መጀመሪያ ሚዛኗን መጠበቅ አቅቷት ትወድቅ ነበር። እንደገና ያወጧታል። እዚህ ላይ ነው እኔን የገረመኝ። የወደቀችን ሰው፣ ያውም የሁለት ልጆች እናት፣ በቃሽ ማለት እኮ ይቀል ነበር። የረዷት ሰዎች ግን ኮርቻው ላይ ያስቀምጧትና ይለቋታል።

በእግሯ ማዘዝ ስላልቻለች በሌላ መንገድ ማዘዝ ነበረባት። በወገቧና በጀርባዋ፣ የሰውነቷን ክብደት ወደ ግራ ወደ ቀኝ በማድረግ፣ በልጓም። ፈረሷ ጁቢሊ ትባላለች፤ ሴት ፈረስ ናት፣ ባዝራ። ሌላው ፈረስ እግር ሲነካው የሚገባውን ነገር ጁቢሊ በጀርባዋ ላይ ባለው ትንሽ የክብደት ለውጥ እንድትረዳ ተማረች። ሁለቱ አብረው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ ማለት ይቻላል።

በ1947 ሊስ ለስካንዲኔቪያ አገሮች ሻምፒዮና ወደ ፊንላንድ ሄደች። በሴቶች ድሬሳዥ ሁለተኛ ወጣች። አልጋ ላይ ከወደቀች ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

እኔና ፈረስ

እዚህ ጋ ትንሽ ስለ ራሴ ልናገር፤ ብዙ አልወስድባችሁም። እንደምታውቁት እኔ በቀኝ እግሬ አነክሳለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። አያቴ የሚኖሩት በሲዳማ ደጋ፣ ሁላ ነው። እዚያ ብርድ ነው፣ ፈረስም ብዙ ነው። እዚህ ሐዋሳ ፈረስ የምናውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው፣ እሱም ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቀንሷል። እዚያ ግን ሰው ገበያ የሚወጣው በፈረስ ነው። አንድ ክረምት አያቴ ብብቴን ይዘው አንስተው ኮርቻ ላይ አስቀመጡኝ። ልጓሙን በእጄ ሰጡኝና ወደ ኋላ ሄዱ። ፈረሱ ተራመደ። የመንደሩ ልጆች ከታች ሆነው ያዩኛል፤ ከታች ሆኖ ለሚያየኝ ሰው ማነከሴ አይታወቅም። የሚራመደው ፈረሱ ነዋ! አራቱም እግሮቹ ጤነኛ ናቸው። ስለ ሊስ ሳነብ ይሄ ነገር ትዝ አለኝ። እሷን ወደ ፈረስ የመለሳት ምን እንደሆነ በትንሹም ቢሆን የገባኝ መሰለኝ።

የኦሎምፒኩ በር እንዴት ተከፈተ?

አሁን ወደ ኦሎምፒክ እንሂድ። ሊስ ጎበዝ ነበረች፣ ግን ጉብዝና ብቻውን አይበቃም ነበር። በኦሎምፒክ ፈረስ ውድድር መግባት የሚችለው የጦር መኮንን ብቻ ነበር። ሴት አይገባም። ተራ ወታደርም አይገባም።

ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ ስዊድን በድሬሳዥ ቡድን ወርቅ ወሰደች። ከሦስቱ ፈረሰኞች አንዱ ፐርሶን የሚባል ሃምሳ አለቃ ነበር፣ መኮንን አይደለም። ለውድድሩ ብለው የመኮንን ማዕረግ ሰጡት። ኦሎምፒኩ ካለቀ በኋላ ማዕረጉን መልሰው ነጠቁት! ይሄ ሲታወቅ በ1949 ስዊድን ወርቋን ተቀማች። ሰውየው ግን ፈረስ መጋለብ ያው ይችላል እኮ፣ የተለወጠው ትከሻው ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። ከ1952 ጀምሮ መኮንን ያልሆነም፣ ወታደር ያልሆነም፣ ሴትም በድሬሳዥ መወዳደር እንዲችል ተፈቀደ። ሊስ የገባችው በዚህ በር ነው።

ሄልሲንኪ 1952

በ1952 ኦሎምፒኩ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ተካሄደ። በድሬሳዥ ከወንዶቹ ጋር የቀረቡት ሴቶች አራት ብቻ ነበሩ። አንዷ ሊስ ናት። ጁቢሊ ላይ ደግፈው አወጧት፣ ሜዳ ገባች።

ውጤቱ እንዲህ ነው። አንደኛ የስዊድኑ ሄንሪ ሴንት ሲር 561 ነጥብ። ሁለተኛ ሊስ ሃርቴል 541.5 ነጥብ። ሦስተኛ የፈረንሳዩ አንድሬ ዡሶም 541 ነጥብ። አያችሁ? ብርና ነሐስን የለየው ግማሽ ነጥብ ነው! በፈረስ ስፖርት በግል የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሊስ ሆነች።

ሽልማት ሲሰጥ ደግሞ መድረክ ላይ መውጣት አለ። ሊስ ብቻዋን መውጣት አትችልም። ያሸነፋት ሰው፣ ሴንት ሲር፣ ራሱ ደግፎ አወጣት። ይሄ ሰው በ1948 ወርቁን ከተቀማው የስዊድን ቡድን ውስጥ የነበረ ነው። ስንቶቹ ተመልካቾች እግሯ እንደማይሠራ ያወቁት ያኔ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ፈረስ ላይ ሆና ማን ያውቃል?

ስቶክሆልም 1956

የሚቀጥለው ኦሎምፒክ በ1956 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ነበር። አውስትራሊያ ግን የውጭ ፈረሶች በሽታ እንዳያመጡ ብላ ለወራት ተለይተው ሳይቆዩ አላስገባም አለች። ስለዚህ የፈረሱ ውድድር ብቻ ተነጥሎ ቀደም ብሎ በሰኔ ወር በስዊድን፣ ስቶክሆልም ተደረገ። ሊስና ጁቢሊ እንደገና መጡ። ሴንት ሲር 860፣ ሊስ 850 ነጥብ። እንደገና ብር! ሦስተኛ የወጣችውም ሴት ናት፣ የጀርመኗ ሊሰሎት ሊንሰንሆፍ፣ 832 ነጥብ። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ሴት፣ አሁን ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ሆኑ።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በዚሁ በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ማሞ ወልዴም ከሄዱት አንዱ ነበር። ስለዚህ የሊስ ሁለተኛ ሜዳሊያና የእኛ የመጀመሪያ ኦሎምፒክ የአንድ ዓመት፣ የአንድ ኦሎምፒክ ታሪክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ

ሊስ ውድድር ካቆመች በኋላ በፖሊዮ ለተጎዱ ሰዎች ገንዘብ በማሰባሰብ ትረዳ ነበር። አካል ጉዳተኞች ፈረስ እንዲጋልቡም ትቀሰቅስ ነበር። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ ልክ ሰው እንደሚራመድ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል። መራመድ የማይችል ሰው ኮርቻ ላይ ሆኖ ወገቡንና ጀርባውን ያጠነክራል፣ ሚዛን ይለማመዳል። የሊስን ታሪክ ተከትሎ ፈረስ ግልቢያን ለሕክምና የሚጠቀሙ ማዕከሎች በአውሮፓ በብዛት ተከፈቱ። በሆላንድ በስሟ የተሰየመ ድርጅት አለ። ዛሬ በፓራሊምፒክ የድሬሳዥ ውድድር አለ፤ ከ1996 አትላንታ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይካሄዳል።

ባለፈው እትም ስለ አበበ ቢቂላ የጻፈው ወንድማችን የሮሙንና የቶኪዮውን ወርቅ በደንብ ነግሮናል። የቀረውን እኔ ልሙላ። አበበ በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1970 እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። እኛ አበበን የምናስታውሰው ባዶ እግሩን ሲሮጥ ነው። ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት ሲስብም ያው ስፖርተኛ ነበር።

ሊስ ሃርቴል የካቲት 12 ቀን 2009 በ87 ዓመቷ አረፈች። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ከሊስ ምን እንማራለን?

ብዙ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ጠንክሮ መሥራት ለውጤት ያበቃል ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገርም አየሁ። ሊስ ብቻዋን ፈረስ ላይ መውጣት አልቻለችም፣ ብቻዋን መድረክ ላይ መውጣት አልቻለችም። በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ ግን ራሷ ሠራችው። ሰዎቹ የረዷት የማትችለውን ብቻ ነው። የምትችለውን አልቀሟትም።

እኔ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሹራብ ጠባቂ ነኝ። የሁሉንም ሹራብና ደብተር ይዤ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ እንዳልወድቅ ታስቦ ነው፣ ይገባኛል። ግን መውደቅ እችላለሁ እኮ። ሁላችሁም ትወድቃላችሁ። ሹራብ ጠባቂ የሆንኩት እኔ ብቻም አይደለሁም፤ በሌሎች ክፍሎችም እንደኔ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ።

ስለዚህ ለስፖርት ክበብና ለስፖርት መምህራኖቻችን በአክብሮት አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በዘንድሮው የትምህርት ቤት ስፖርት ቀን አሎሎ ውርወራ አለ። አሎሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይወረወራል፣ በፓራሊምፒክም እንዲያ የሚወረውሩ አሉ። አንድ ጠንካራ ወንበርና ወንበሩን የሚይዙ ሁለት ልጆች ካሉ ይበቃል። ስሜን እንድትመዘግቡልኝ እጠይቃለሁ። ሌሎቹም መወዳደር ይፈልጉ እንደሆነ እነሱኑ ጠይቋቸው። ባሸንፍም ባላሸንፍም ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ። ሹራባችሁን ግን ሌላ ሰው ይጠብቅላችሁ!

የአንባቢ ጥያቄዎች

1. ከ1952 በፊት በኦሎምፒክ ፈረስ ውድድር መግባት የሚችለው ማን ብቻ ነበር?
2. ሄልሲንኪ ላይ ሊስን ከሦስተኛው ሰው የለያት ስንት ነጥብ ነው?
3. በ1956 የፈረሱ ውድድር ሜልቦርን ያልተካሄደው ለምንድን ነው?

መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ሦስቱንም ለመለሱ ስማቸው በሰልፍ ላይ ይነበባል። በሚቀጥለው እትም በሌላ ታላቅ ሰው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ ሐ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል
ሐዋሳ